አንቲቦዲ፦ በገዳሪፍ ምስክር፣ በአዲስ አበባ መድኃኒት

ከመተማ ማዶ የሚገኘው የሱዳኑ ገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ የሚመረትበት፣ በእርሻ ወቅት ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጭምር የቀን ሠራተኞች የሚጎርፉበት ግዛት ነው። ጥቁር አፈሩና የግራር ጫካው የአሸዋ ዝንብ ለምታስተላልፈው ካላዛርም ምቹ ናቸው። ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድለው ይህ በሽታ፣ አንቲቦዲ ሁልጊዜ ጠባቂ ነው የሚለውን የተለመደ ግምት ያፈርሳል።

አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል፣ ቢ ከተባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚመነጭ ፕሮቲን ነው። በአንድ ወገኑ ወራሪውን ሲይዝ በሌላው ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን ይጠራል። በዚህ ሂደት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ይህ ብግነት ይባላል። ጥሪው በስህተት በገዛ አካል ላይ ሲነሣ እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያሉ የመገጣጠሚያ ሕመሞችን ያባብሳል።

በካላዛር ሕመምተኛ ደም ውስጥ አንቲቦዲ ሞልቶ ተትረፍርፏል፤ ፈውስ ግን አያመጣም። ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ የሚኖረው ሊያጠፋው በሚገባው ሴል፣ በማክሮፋጅ፣ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። እንዲያውም በቤተ ሙከራ ጥናቶች እንደታየው፣ አንቲቦዲ የለበሰ ተውሳክ ማክሮፋጁ ኢንተርሉኪን-10 የተባለ አብራጅ ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ሴሉም የመግደል አቅሙ ይዳከማል።

ስለዚህ በካላዛር ምርመራ አንቲቦዲ የሚፈለገው ለምስክርነት ነው። አርኬ39 የተባለው ፈጣን ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ሆኖም በምሥራቅ አፍሪካ የመለየት አቅሙ ከህንድ ያንሳል። አንቲቦዲው ሕመምተኛው ከዳነም በኋላ ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በሽታው ሲያገረሽ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆናል።

አንቲቦዲ ራሱ ብግነትን ለማብረድ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ደግሞ በአዲስ አበባ ተፈትኗል። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት በፔኒሲሊን ሲታከም፣ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲጠፉ ቲኤንኤፍ የተባለው የብግነት መልእክተኛ በደም ውስጥ ያሻቅባል፤ ሕመምተኛው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ አንዳንዴም ሕይወቱ ያልፋል። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው እ.አ.አ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ20 ሕመምተኞች ከፔኒሲሊኑ 30 ደቂቃ አስቀድሞ ከበግ የተገኘ ፀረ ቲኤንኤፍ አንቲቦዲ ተሰጣቸው። ይህ ቀውስ የደረሰባቸው 10ሩ ናቸው፤ አንቲቦዲውን ካላገኙት 29 ሕመምተኞች ግን በ26ቱ ላይ ደርሷል።

ዛሬ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብን የመሳሰሉ ፀረ ቲኤንኤፍ አንቲቦዲዎች በበለጸጉት አገራት ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ብግነት በሰፊው ይታዘዛሉ። ችግሩ፣ ማክሮፋጅ ሌይሽማኒያን ለመግታት የሚያስፈልገው ይኸው ቲኤንኤፍ መሆኑ ነው። በሜዲትራኒያን አገራት መድኃኒቱን ሲወስዱ ካላዛር የተነሣባቸው ሰዎች አሉ። በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ተነክሰው፣ ምልክት ሳያሳዩ ተውሳኩን ለዓመታት በሰውነታቸው ይዘው የሚኖሩ ጥቂቶች አይደሉም፤ ከእነዚህም መካከል ባሕር ተሻግረው የሄዱ አሉ። መድኃኒቱ የታዘዘለት ሰው ቀድሞ የት እንደኖረና የት እንደሠራ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ ጥያቄው ከሐኪሙ ባይመጣም እንኳ።