የቀላል ባቡርና የአውቶቡስ ወጪ በኢትዮጵያ ከተሞች

በኢትዮጵያ የከተማ ቀላል ባቡርና የአውቶቡስ ወጪ ጎን ለጎን ሊታይ የሚችለው በአዲስ አበባ ብቻ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። የቀላል ባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ተከተለ።

ባቡሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 39 ጣቢያዎችና 41 ባቡሮች ይዞ የተጠናቀቀው በ475 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ይህ በኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ሌጎስ በ2000 ዓ.ም. የከፈተችው 22 ኪሎ ሜትር የፈጣን አውቶቡስ መስመር በኪሎ ሜትር 1.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆንም ሙሉ እውነቱን አይናገርም፤ አውቶቡስ የሚሄድበት አስፋልት በሌላ መዝገብ የተከፈለ ሲሆን፣ ባቡሩ ግን ሐዲዱንና ድልድዩን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንም ጭምር በራሱ ሒሳብ ነው የተሸከመው።

በዕለታዊ ማስኬጃ ባቡሩ ብልጫ ነበረው። የሚጠቀመው ከአገር ውስጥ ግድቦች የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ የአውቶቡሱ ናፍታ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ሲደጎምም ቆይቷል። ብልጫውን የበላው መለዋወጫ ነው። ዕቃው ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ ታሪፉ ግን ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። 286 ሰው የጫነ ባቡር ሁሉም ከፍተኛውን ታሪፍ ቢከፍሉ እንኳ በአንድ ጉዞ የሚሰበስበው 1,716 ብር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች ቆሙ። የወጪው ስሌት የተዛባው እዚህ ላይ ይመስላል። የግንባታው ገንዘብ ለ41ዱም ሲካፈል ለአንድ ባቡር 11.6 ሚሊዮን ዶላር ይደርሰዋል፤ 10 ብቻ ቢሠሩ 47.5 ሚሊዮን ይሆናል። ከአውቶቡሶች ግማሹ ቢበላሹ ቀሪዎቹ ተሳፋሪ ወደበዛበት መስመር ይዛወራሉ፤ ሐዲድ ግን ከተዘረጋበት አይነቃነቅም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር 21 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያልተከፈለው ዕዳም በብር ሲሰላ በዚያው ልክ ናረ።

ወላይታ ሶዶ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የክልል አስተዳደር መቀመጫ ብትሆንም፣ እንደ አዲስ አበባ በባቡርና በአውቶቡስ መካከል የመምረጥ ጉዳይ ገና አልገጠማትም። በአቅራቢያዋ ካለችው ከቢጠና ከተማ መጥቶ መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ወደ ከተማው የሚገባው በባጃጅ ነው፤ የባጃጁን ዋጋ፣ ጎማና ቤንዚን የሚችለው ባለንብረቱ ስለሆነ ወጪው በማዘጋጃ ቤት በጀት ላይ አይታይም። የአዲስ አበባው ባቡር በሰዓት በአንድ አቅጣጫ እስከ 15,000 ሰው እንዲያጓጉዝ የታቀደ ነው። ስለዚህ የሶዶን ያህል ስፋት ላላት ከተማ የሚቀርበው ጥያቄ ከባጃጅ ወደ መለስተኛ አውቶቡስ መሸጋገር ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።