የላስታ የጾም ማዕድና የደም ኮሌስትሮል፦ ስለ ዕፅዋት ስቴሮል ታሪካዊ ቅኝት

ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ሲሆን፣ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች እየተጠራቀመ ለጠበል ይውላል። ስሙ ግእዝ ነው፤ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ከዛጉዌ ነገሥታት የመጨረሻዎቹ አንዱ ሲሆን በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደሆነ ይነገራል፤ ገድሉም በጾምና በጸሎት የተወሰነ ንጉሥ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለ ዛጉዌ ቤተ መንግሥት ሐኪም የሚጨምረው ነገር የለውም፤ ያ የታሪክ ባለሙያዎች ድርሻ ነው። በዚያ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወርድ ሲዋረድ የቆየው የጾም ሥርዓት ግን በሰው ደም ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደኖረ መጠየቅ የሐኪም ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀናት ይጾማሉ። 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾሞች፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሹ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይቀመስበት ይሆናል። በሥነ ምግብ ቋንቋ ሲገለጽ፣ አንድ ጿሚ ጎልማሳ በዓመት ለስድስት ወራት ያህል ከምግቡ ምንም ኮሌስትሮል አያገኝም ማለት ነው፤ ኮሌስትሮል የእንስሳት ሕዋስ ውጤት ነውና። በምትኩ የሚያገኘው የኮሌስትሮል የሩቅ ዘመድ የሆነውን የዕፅዋት ስቴሮልን ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከምትገኘው ላሊበላ ተነሥቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው በመንገዱ የሚያየው እርሻ ይህንኑ ማዕድ ይነግረዋል። ከላይ ገብስ፣ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር፣ ከዚያም ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ፤ በየመካከሉ ተልባ፣ ሱፍና ኑግ። ቆሎው፣ በሶው፣ ቅንጬው፣ ሽሮው፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍቱ፣ ከባቄላና ከሱፍ በሰናፍጭ የሚዘጋጀው ስልጆ ሁሉ የዚህ እርሻ ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በቆርቆሮና በፕላስቲክ የታሸገ ዘይት ወደ ገጠር ከመግባቱ በፊት የደጋ ገበሬ የቅባት እህልን በአብዛኛው የሚመገበው ዘይቱን ለይቶ ሳይሆን ፍሬውን ከነሁለንተናው ነበር። ተልባው ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይበጠበጣል፤ ሱፉ ይፈላና ተወቅጦ ነጭ ወተቱ ይጠለላል። ዘይት ሲያስፈልግ ኑጉ ታምሶና ተወቅጦ በሙቅ ውኃ እየታሸ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማጣራት፣ የማንጻትና ሽታ የማስወገድ የፋብሪካ ሂደት የለም፤ ስለዚህም በቅባቱ ውስጥ ያለው ስቴሮል በአመዛኙ ሳይነካ ወደ ሆድ ይገባል።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከሕንጻዎቹ ሌላ ያስደነቀው የሕዝቡ የጾም ጥብቅነት ነበር። ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በአገራችን ተዘዋውሮ የስንዴ፣ የገብስና የተልባ ዘሮችን ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ። የሁለቱ ሰዎች ምልከታ የተያያዘ ይመስለኛል። የቅባት እህልና የጥራጥሬ ዓይነት በደጋችን እንዲህ የበዛው በአየር ጠባዩ ብቻ ሳይሆን፣ ግማሹን ዓመት ያለ ቅቤ የሚያድር ሕዝብ ስለሚፈልገውም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንመለስ። ኮሌስትሮል ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሐሞት ጠጠር ላይ ባጠናው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሩል ነው። በዕፅዋት ውስጥ የሚገኘው አቻው «ፊቶስቴሪን» የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲሆን፣ ሰያሚው ጀርመናዊው ሄሴ ነበር፤ ያገኘውም ካላባር ከሚባለው የምዕራብ አፍሪካ መርዛማ ባቄላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሩሲያዊው አኒችኮቭ ኮሌስትሮል የተመገቡ ጥንቸሎች የደም ቧንቧቸው በስብ እንደሚደፈን አሳየ። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ፒተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለጫጩቶች ከኮሌስትሮሉ ጋር የአኩሪ አተር ስቴሮል ቀላቅሎ ሲሰጥ የደማቸው ኮሌስትሮል ሳይጨምር ቀረ። በ1953 ፖላክ ይህንኑ በሰው ላይ አሳየ። ኢሊ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያም «ሳይቴሊን» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ ይሁን እንጂ በቀን በርካታ ግራም መዋጥ የሚጠይቅ አስቸጋሪ መድኃኒት ስለነበረ በ1980ዎቹ ከገበያ ወጣ።

ነገሩ እንደገና ነፍስ የዘራው በፊንላንድ ነው። ሰሜን ካሬሊያ የቅቤና የወተት አገር ስትሆን ወንዶቿ በልብ ሕመም በወጣትነታቸው የሚረግፉባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረው የካሬሊያ ፕሮጀክት ሕዝቡን ከቅቤ ወደ አትክልት ዘይት እንዲያዘነብል አደረገ፤ በሚቀጥሉት አርባ ዓመታት በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች በልብ ደም ቧንቧ ሕመም የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በዚሁ አካባቢ ሚየቲነንና ባልደረቦቹ ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ለነበረው 153 ሰዎች ስታኖል የተጨመረበት ማርጋሪን ለአንድ ዓመት መግበው፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል በ10 በመቶ፣ ኤል.ዲ.ኤል. ደግሞ በ14 በመቶ መቀነሱን በ1995 አሳተሙ። «ቤኔኮል» የተባለው ማርጋሪን በዚያው ዓመት በፊንላንድ ሱቆች ተደረደረ። ገበሬው ለዘመናት ከነፍሬው ሲወቅጠው የኖረውን ነገር ባለጠጋው ዓለም ከዘይት አንጽቶ አውጥቶ በቅባት ውስጥ መልሶ መሸጡ ፈገግ ያሰኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከሐሞት ጨው ጋር በሚሠሩ ጥቃቅን የስብ እንክብሎች ውስጥ ገብቶ ነው። የዕፅዋት ስቴሮል በቅርጹ ስለሚመስለው ቦታውን ይሻማዋል፤ ራሱ ግን ከጥቂት በመቶ በላይ ወደ ደም አይገባም፤ የገባውንም የአንጀትና የጉበት ሕዋሳት መልሰው ያስወጡታል። ይህን የማስወጣት ሥራ የሚያከናውኑት ፕሮቲኖች በዘር ሲጎድሉ ሲቶስቴሮሌሚያ የተባለ ብርቅ በሽታ ይከሰታል፤ በሽታው በ1974፣ መንሥኤ የሆኑት ጂኖች ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ታውቀዋል። ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚጠቅመው ኦስትለንድና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ከበቆሎ ዘይት ላይ ስቴሮሉን አውጥተው ሲመግቡ፣ የኮሌስትሮል ሥርገት ስቴሮሉ ካልወጣለት ዘይት ጋር ሲነጻጸር በ38 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማለትም በተራ ምግብ ውስጥ ያለው ትንሽ መጠንም ሥራ ይሠራል።

ታዲያ በላስታ የጾም ማዕድ ላይ ምን ያህል ይገኛል? የጥራጥሬና የእህል የታወቀ የስቴሮል ይዘት ይዘን ብናሰላ፣ 400 ግራም ገብስና ስንዴ 280 ሚሊ ግራም ያህል፣ 80 ግራም ባቄላና ምስር ወደ 95፣ 20 ግራም ተልባ ወደ 40 ሚሊ ግራም ይሰጣሉ። ድምሩ ከ400 ሚሊ ግራም ጥቂት ያልፋል። ይህ በምዕራቡ ዓለም ተራ ማዕድ ከሚገኘው የላይኛው ጫፍ ሲሆን፣ ኤል.ዲ.ኤል.ን ከ8 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል ከሚባለው የ2 ግራም የሕክምና መጠን ግን አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የጾሙን ውጤት በሙሉ ለስቴሮል መስጠት ማጋነን ይሆናል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የቅቤው መቅረት፣ የአሰሩ ብዛትና የዘይቱ ዓይነት ነው፤ የኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነውና። ስቴሮሉ አጋዥ እንጂ አለቃ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ማጋነን ነው። «የአባቶቻችን ምግብ ጤና ነበር» የሚለው አባባል ላስታን በሚያውቅ ሰው አፍ ላይ ይከብዳል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ክፉኛ ከተመቱት የወሎ አውራጃዎች አንዱ ላስታ ነው። የተራበና በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የተዳከመ ሰው ኮሌስትሮሉ ዝቅ ማለቱ የጤና ምልክት አይደለም፤ በኳሺዮርኮር የተያዘ ሕፃን ደምም ዝቅተኛ ኮሌስትሮል አለው። ጥራጥሬ ሁሉ መልካም ነው ለሚልም ጎረቤት ወረዳ ደላንታ ዳውንት ምስክር ናት፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ድርቅ ሲበረታ ጓያ ብቸኛ ቀለብ ሆኖባቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ጾምን በሥነ ምግብ ዓይን ማጥናት በአገራችን አዲስ አይደለም። ከስዊድን ጋር በመተባበር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1968 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ አሳተመ፤ ክኑትሰንና ሴሊኑስም በ1970 ስለ ኢትዮጵያ ጾም ያጠኑትን አወጡ። የዚያ ዘመን ጥያቄ ግን «ምን ጎደለ?» የሚል ነበር፤ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ቫይታሚን ኤ። «ምን በዛ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመን ገና አልመጣም ነበር።

ያ ዘመን አሁን መጥቷል፤ ነገር ግን በጠበቅነው መልክ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ የተገኙት 5.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በአንጻሩ ትራይግሊሰራይድ በ21 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ጠቃሚው ኤች.ዲ.ኤል. ደግሞ በ68.7 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ገጽታ የቅቤ ብዛት ሳይሆን የእህል ብቻ ማዕድ መልክ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የዕፅዋት ስቴሮል ብዙ አይፈይድለትም፤ ሥራው በኤል.ዲ.ኤል. ላይ ነውና። በተጨማሪም የስቴሮል ማሟያ የልብ ድንገተኛ ሕመምን ወይም ሞትን እንደሚቀንስ ያረጋገጠ የክሊኒክ ሙከራ የለም። ለታካሚ ውድ ማሟያ እንዲገዛ መምከር ለእኔ አይዋጥልኝም።

በመንደር ደረጃ የተለወጠው ዘይቱ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በድጎማ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት የተከፋፈለው የፓልም ዘይት፣ የኑግና የተልባን ቦታ እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ወሰደ። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ሲሆን፣ በ100 ግራም ያለው ስቴሮል ከ100 ሚሊ ግራም በታች ነው፤ በባህላዊ መንገድ ከተጨመቁት ዘይቶቻችን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያንሳል። በላስታ ብርድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ሲገኝ ሕዝቡ «ኮሌስትሮል ነው» ይላል። አይደለም፤ የረጋው ስቡ ነው፤ ጥርጣሬው ግን ከንቱ አይደለም። በተቃራኒው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል፤ የትኛውም የአትክልት ዘይት ቁጥር የሚገባ ኮሌስትሮል የለውምና፣ ገዢው መመልከት ያለበት የስቡን ዓይነት ነው።

በሕክምና ክፍል ውስጥ ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ተግባር አለ። ሳሪና ባልደረቦቿ በቀርጤስ ደሴት የግሪክ ኦርቶዶክስ ጿሚዎችን ከማይጾሙት ጋር አነጻጽረው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጾሙ መጨረሻ የጿሚዎቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮል በ12.5 በመቶ፣ ኤል.ዲ.ኤል. በ15.9 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ በሁዳዴ ማብቂያ የተለካና በበዓለ ኃምሳ የተለካ ደም የአንድ ሰው ሆኖም የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ በመካከሉ የተጀመረ መድኃኒት ካለም ያላገኘውን ምስጋና ወይም ያልተገባውን ወቀሳ ይሸከማል። በመሆኑም በምርመራ ወረቀቱ ላይ ወቅቱን መጻፍ ይገባል። ለታካሚው በሚሰጠው ትእዛዝም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ነገ ጾመው ይምጡ» የተባሉ አዛውንት ያለ ቅቤ የተሠራ ሽሮ በልተው ቢመጡ ቃሉን አክብረዋል፤ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆድዎ ይምጡ» ማለት ይሻላል።