ገበሬውና መካሪዎቹ

አገራችን የእርሻ አገር መሆንዋን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው። ነገር ግን ገበሬውን ማን መከረው፤ ምክሩስ በምን መንገድ ደረሰው ብለን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ጥበብ በእጅ ስልክ አማካይነት እስከ ማሳው ድረስ ገብቶ ገበሬውን ለመምከር በተነሣበት ዘመን፥ የቀደሙትን መካሪዎች ታሪክ ማስታወስ የሚገባ ይመስለናል።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ከውጭ የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬዎች በፈጀና ክፉ ቀን በተባለው ረኀብ ሕዝቡ ባለቀ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ አርአያ ሆኑ። ይህ በቃል ሳይሆን በሥራ የተሰጠ ምክር ነበረ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፤ ሹመቱም ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ባላገሩ ጎጆ ያለው መንገድ ረዥም ነበረ።

ይህ መንገድ መከፈት የጀመረው በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ሥራውን ከጀመረና ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ረዳትነት የዓለማያ ኮሌጅ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ኮሌጁ ማስተማርን፥ መመራመርንና የተገኘውን ዕውቀት ለገበሬው ማድረስን በአንድነት ያዘ። ኋላም ገበሬውን የመምከሩ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ።

ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባው፥ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ ጭላሎ የተጀመረው ካዱ ነው። የተመረጠ የስንዴ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው ቀረበ። ምክሩ ትክክል ነበረ፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን እርሻ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ አንዳንድ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩና ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስወጡ። ምክሩን ሰምቶ የተጋው ጭሰኛ ማሳውን አጣ። መሬት በዐዋጅ የሕዝብ የሆነው ከዚህ በኋላ፥ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

መቼም «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ስለ ገበሬው ሲነገር ያልሰማ የለም። የጭላሎ ታሪክ ግን እምቢ የሚለው ገበሬ ብዙ ጊዜ ምክንያት ያለው መሆኑን ይመሰክራል። ችግሩ ምክንያቱን የሚጠይቀው ሰው ማነሱ ነበረ። በኋላ ዘመን በየቀበሌው በሰብል፥ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ሲደረግ መካሪው ለገበሬው ቀረበ። ይሁንና የልማት ሠራተኛው ማዳበሪያ አከፋፋይም ብድር አስመላሽም እንዲሆን በተደረገበት ስፍራ፥ ገበሬው የልቡን ሊያጫውተው እንዴት ይደፍራል?

በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለው የስልክ መስመር ሲከፈት፥ ገበሬው በነፃ ደውሎና ቁጥር እየነካ ስለ ሰብሉ በቋንቋው መስማት ቻለ። ሆኖም የሚሰማው አስቀድሞ የተቀዳውን ነበረ። አሁን የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዚህ የሚለየው ገበሬው የገዛ ጥያቄውን በገዛ አነጋገሩ እንዲያቀርብ መፍቀዱ ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ፋርመር ቻት በተሰኘው መሣሪያ በሕንድ፥ በኬንያና በአገራችን ይህንኑ ጀምሮአል።

ተስፋው ታላቅ ነው፤ ሥጋቱም እንዲሁ። ይህ መሣሪያ የሚናገረው ከተጻፈ ነገር ተምሮ ነው። በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ስለ እርሻ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም እንደ ዐዋቂ ሳያመነታ ይናገራል። በዋልካ መሬት ለተዘራ ስንዴ ውሃ የሚያጠነፍፍ ቦይ ያስፈልገዋል፤ በአሸዋማ መሬት ግን ያው ቦይ ያለውን እርጥበት ያሟጥጠዋል። አፈሩን ሳይጠይቅ የሚመልስ መካሪ፥ ሰውም ይሁን መሣሪያ፥ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ያጠፋል። የልማት ሠራተኛው ቢሳሳት ገበሬው በገበያ ቀን አግኝቶ ይወቅሰዋል። መሣሪያውን ማን ይወቅሰዋል?

ስለዚህ መሣሪያው የሚናገረው ባለሙያዎች መርምረው ካጸደቁት ጽሑፍ እንዲሆን፥ ለስሕተቱም በስሙ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት እንዲኖር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ገበሬዎቹ የሚያቀርቡት ጥያቄ ተሰብስቦ በሹማምንቱና በመምህራኑ ዘንድ ይነበብ እንላለን። እስካሁን የነበሩት መካሪዎች በአብዛኛው ሲናገሩ ኖረዋል። ገበሬው የጠየቀው ሁሉ በጽሑፍ ሊቀመጥ የቻለው ገና አሁን ነውና፥ ማንም ሳያነበው ቢቀር የጭላሎን ስሕተት ዐውቀን እንደ ደገምነው ይቈጠርብናል።