በሐራጅ የተገዛ ዘውድ

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ193 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ፔርቲናክስ በገዛ ዘበኞቹ እጅ በተገደለ ጊዜ፥ ገዳዮቹ መንግሥቱን በሐራጅ አቀረቡት። የሟቹ አማት ሱልፒኪያኑስ ከሰፈሩ ውስጥ፥ ዲዲዩስ ዩሊያኑስ ከቅጥሩ ውጭ ሆነው ተጫረቱ። ሱልፒኪያኑስ ለያንዳንዱ ወታደር 20,000 ሴስቴርስ ለመስጠት ቢነሣ፥ ዩሊያኑስ ባንድ ጊዜ 5,000 ጨምሮ አሸነፈ። ነገር ግን 66 ቀን ብቻ ነግሦ፥ የሮማ ምክር ቤት ሞት ፈርዶበት ተገደለ።

ዘመኑ ስላጠረ በስሙ የተመታው መሐለቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ዛሬ ሰብሳቢዎች በሐራጅ ይሻሙበታል። እኛም ይህን መሐለቅ ለሚመኝ ሰው የምንመክረው፥ አስቀድሞ እውነተኛነቱንና የቀድሞ መሸጫ ዋጋውን መርምሮ፥ ለአጫራቹ የሚከፈለውን ድርሻ ጨምሮ አስቦ፥ የመጨረሻ ወሰኑን በወረቀት ጽፎ እንዲሄድ ነው። በእልኽ የተጨመረ ዋጋ የሚጎዳው አሸናፊውን ነውና።