ማሞቂያ ያለው ፍሪጅ

ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ፍሪጅ ጥገና ስጀምር፣ መጀመሪያ የፈታሁት አሮጌ ፍሪጅ ግራ አጋባኝ። የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን የማሞቂያ ሽቦ ተዘርግቶበታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሞቂያ ምን ይሠራል? ያሠለጠነኝ ሽማግሌ ሳቀብኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ፍሪጁ በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ያን ላብ ለማድረቅ ነው ሽቦው። ግድግዳውን ከማወፈር ሽቦ መጨመር ለፋብሪካው ይረክሳል። ለእኔ ግን አይረክስም፤ የተከራየሁት ቤት ውስጥ የቆመውም የዚያው ዘር ነበር። መርጦ የገዛው አከራዬ፣ የመብራት የምከፍለው እኔ። እውነቱን ለመናገር፣ አከራይ ብሆን እኔም ርካሹን ነበር የምገዛው።

የካሊፎርኒያ ደንብ የገባው እዚህ መሃል ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1973 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ሰሞን ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ አርት ሮዘንፌልድ፣ አንድ ማታ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የጎረቤት ቢሮዎችን መብራት ላጥፋ ቢል ማጥፊያው ጠፋበት፤ አንዳንዱ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ለዚሁ ብክነት ሰጠ።

መንግሥትም ዝም አላለም፦ በ1974 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የነበረው ሮናልድ ሬገን የግዛቱን ኢነርጂ ኮሚሽን ያቋቋመውን ሕግ ፈረመ። ኮሚሽኑም ለፍሪጅ ጣሪያ አበጀለት፦ ከዚህ በላይ የሚበላ እዚህ አይሸጥም። ያኔ አዲስ ፍሪጅ በዓመት በአማካይ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር። ካሊፎርኒያን የሚያህል ገበያ ጥሎ የሚሄድ ፋብሪካ የለምና ግድግዳው በፎም ወፈረ፣ ኮምፕረሰሩም ተሻሻለ። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸውን ደንብ ማውጣት ሲጀምሩ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አንድ የፌዴራል ሕግ ይውጣልን አሉ። ፕሬዚዳንት የሆነው ሬገን በ1986 አልፈርምም ብሎ፣ በ1987 ፈረመ። በ2001 ደንብ የተለመደው ፍሪጅ፣ ከበፊቱ ሰፍቶም፣ ከ500 በታች ወርዷል።

ያንን የመጀመሪያውን ዓይነት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አንዲት ያገሬ ሴት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ለበዓል ሥጋና ቅቤ ያስቀመጡት። «እትዬ፣ ይጣል፤ መብራት ይጨርስብዎታል» ብዬ እጃቸውን የበሩ ጠርዝ ላይ አስነካኋቸው።

«ውይ፣ ይሞቃል እኮ!»

«አዎ፣ ችግሩም እሱ ነው።»

ትንሽ አሰቡና የሊጡን ባልዲ ጎትተው በሩ ሥር አስጠጉት። «በዚህ ብርድ ሊጤ አልኮመጥጥ እያለ አስቸግሮኝ ነበር» አሉኝ።