ባልቴቷ ያወጣችው የባቡር ጌታ ገመና

ስለ አሜሪካ የባቡር ሐዲድ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ዋሻና ድልድይ ነው። መሐንዲስ ነኝና ይጥመኛል። የሴንትራል ፓሲፊኩን ባለሀብት ኮሊስ ሀንቲንግተንን በደንብ ያወቅኩት ግን በደብዳቤዎቹ ነው። (ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸሪኮቹ ካሊፎርኒያ ሲሆኑ እሱ ኒውዮርክ ስለነበረ ጉዳያቸው በፖስታ ይመላለስ ነበር። በ1870ዎቹ አጋማሽ ሳንፍራንሲስኮ ሆኖ ደብዳቤውን የሚቀበለው ዴቪድ ኮልተን ነው። ሀንቲንግተን ለዚህ ሰው ምንም አይደብቅም። የትኛው የምክር ቤት አባል ለእነሱ እንደሚያድር፣ የቴክሳስ ፓሲፊኩ ቶም ስኮት የመንግሥት ድጎማ እንዳያገኝ ምን እየተሸረበ እንደሆነ ይዘረዝርለታል። በጃንዋሪ 1876 የጻፈውማ ጉድ ነው! በ200 ሺህ ዶላር ሕጋችንን ማሳለፍ እችላለሁ፣ ግን ያን ያህል አያወጣልንም ይላል። እኛ የሲሚንቶ ዋጋ እንደምናሰላው መሆኑ ነው። ነውርነቱ አላስጨነቀውም፤ የከበደው ዋጋው ነው።

ይህን ያወጣው የመንግሥት መርማሪ እንዳይመስላችሁ። ኮልተን በ1878 ሲሞት ሸሪኮቹ ገንዘብ አጉድሏል ብለው ባለቤቱን ኤለንን አክሲዮኗን አስለቀቋት። ኋላ ላይ ተታለልኩ ብላ ከሰሰች፤ ሀንቲንግተን ለባሏ የጻፋቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችም ማስረጃ አድርጋ አቀረበች። በ1883 ሳንታ ሮዛ ችሎት ላይ ተነበቡ፣ ጋዜጦችም ተቀባብለው አተሟቸው። ባልቴቷን ድርሻዋን ሰጥተው ቢያሰናብቷት ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ፍርዱ ግን ለሸሪኮቹ ሆነ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1890 አጸናው።