የአጥር እንዶድ

እንዶድን በጫካ እንዲሁ የሚበቅል የዱር ሐረግ አድርገው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ዳር ያደገ ሰው ግን ይህን በቀላሉ አይቀበልም። በእኛ አገር እንዶድ የሚገኘው በሰው አጥር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይና በወንዝ መውረጃ ዳር ነው፤ አብዛኛውንም ሆን ብሎ የተከለው ሰው አለ። የማን አጥር እንዶድ ጥሩ አረፋ እንደሚያወጣ፣ የማን ደግሞ አበባ ብቻ አሳይቶ ያለ ፍሬ እንደሚከርም እናቶቻችን አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። ሐረጉን ከአንዱ አጥር ቆርጦ ወደ ሌላው የማሸጋገር ልማድ ታሪክ አለው፤ እኔም ያየሁትንና ያነበብኩትን አስተባብሬ ልተርከው ፈለግሁ።

እንዶድ ሲጀምር ቁጥቋጦ ነው። የሚደገፍበት ዛፍ ወይም አጥር ሲያገኝ ግን እየተሳበ እስከ 10 ሜትር ይወጣል። አበባው ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ጥቃቅን፣ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች የተንዠረገገ ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ሲያብብ ንብ ከላዩ አይጠፋም። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ ሲበስል ይቀላል። ዋናው ነገር ግን ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ መሆናቸው ነው፤ አንዱ ሐረግ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ከዘር የበቀለ እንዶድ ወንዴ ይሁን ሴቴ አብቦ እስኪታይ ድረስ የሚለይ ሰው የለም።

ለዚህም ነው አያቴ የእንዶድ ዘር ስትዘራ አይቼ የማላውቀው። የምትተክለው ከምታውቃት እናት ሐረግ ቆርጣ ነበር። ሰኔ ገብቶ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ አስቀድማ ግን በታኅሣሥ የዚያን ቤት እንዶድ አረንጓዴ ፍሬ በእርጥብ መዳፏ አሽታ አረፋውን አይታለች። ዘንድሮ የወጣውን ለጋ አትነካም፤ የአምናውን፣ ጠንከር ያለውን ቅርንጫፍ አንድ ክንድ አድርጋ ትቆርጣለች። ግማሹ ከነዓይኑ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ውጭ ይቀራል። እኔ ጉድጓዱን እየቆፈርኩ ስጠብቃት «ገልብጠህ እንዳትተክል፤ ላይና ታቹን እይ» ትለኝ ነበር። ቅጠሉን ትመለምላለች፣ ፍግ ከሥሩ ታደርጋለች፣ በላዩም ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ ታስቀምጣለች። ቅርንጫፉን የሰጠች ጎረቤት ገንዘብ አትቀበልም። በምትኩ ሐረጉ ፍሬ ሲይዝ የመጀመሪያው ለቀማ ለእርሷ ይላካል።

ያደገውን ሐረግ ከነሥሩ ማዛወር ከዚህ ይከብዳል። እኔ ይህን የሠራሁት መንገዱ ሊሰፋ የቆየው አጥራችን በሚፈርስበት ክረምት ነው። እንዶድ ከመሬት በታች ወፍራም ሥር ስላለው በአንድ ቀን ጎትቶ መንቀል አይታሰብም። መጀመሪያ ሐረጉን ከጉልበቴ በታች አሳጥሬ ቆረጥኩት፤ ሥሩ ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት እንዳይጠበቅበት ነው። ከዚያ ዙሪያውን ራቅ አድርጌ ቆፈርኩና አፈሩን እንደያዘ በጆንያ ጠቅልዬ ከወንድሜ ልጅ ጋር ወደ ጓሮ ተሸከምነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከጉቶው ቀይ ቡቃያ ወጣ። የወይራ ባላ አቆምኩለት፤ በተከታዩ ዓመት የጓሮውን አጥር ሸፈነው።

ይህን ሁሉ ድካም ሰው የሚደክመው ለነጭ ልብስ ሲል ነበር። አረንጓዴው ፍሬ ሳይበስል ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ የሚወቅጠው ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል፤ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ወንዝ ዳር በተቦረቦረ ድንጋይ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲመታ አረፋው ይሞላል፤ ጋቢው፣ ኩታው፣ ቡሉኮው እዚያ ገብቶ በእግር ይረገጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደርሶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎጃም ተሻግሮ ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ነው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የጎንደርን ልማድ ሲተርክ፣ ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ለወንድ ነውር ሆኖ ሳለ የወንዱንም የሴቱንም ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ እንደነበር፣ ሴት በዚህ ገብታ እንደማታግዝ ጽፏል። ውሃ የጠገበ ቡሉኮ ረግጦ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። የሴቶቹ ድርሻ ሐረጉ ነበር፤ መትከሉ፣ መልቀሙ፣ መውቀጡ።

በጎጃም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እንዶድ የሚፈልግ ሌላ ሰው ነበር፤ የቆሎ ተማሪ። በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚሰበሰብባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው። የኔታ የሚለብሱትን ነጭ የሚያጥብላቸው ተማሪው ነው፤ እንዶድም ከቅጥሩ ላይ ይለቀማል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። የተወለዱትም ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባል ቦታ ነው። አንድ ደብር በእንዶዱ እስኪጠራ ድረስ ሐረጉ የአካባቢው መታወቂያ ነበር ማለት ነው።

የለቀማው ወራትም ከበዓሉ ጋር ይገጥማል። እንዶድ በዓመት ሁለት ጊዜ ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ብዛት ያለው ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚደርሰው ነው። የገና ሰሞን ሐረጉ አረንጓዴ ዘለላ ይሞላል፤ ጥር 11 ጥምቀት ሲከበር አገሩ በሙሉ ነጭ ይለብሳል። በልጅነቴ በጥምቀት ዋዜማ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ከላይ እስከ ታች አረፋ ይሆን ነበር።

ያ አረፋ ምን እንደሚያደርግ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያያል፤ አይቶ የጠየቀ ግን አንድ ወጣት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ዐድዋ ወረዱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው በወንዝ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ግን የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድትጨምር ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዐድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ በሕፃናቱ ዘንድ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ። በአሜሪካ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ። የእንዶድ አረፋ ግን ዓሣንም ይገድላል።

እኔን ግን ከዐድዋው ግኝት የበለጠ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው የተክል ሥራ ነው። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው አስተከሉ፤ ለዓመታት ምርቱን፣ የመግደል ኃይሉንና ተባይ የመቋቋም አቅሙን እያነጻጸሩ ከሁሉ የተሻለውን መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው እሱ ነው። ይህን ሳነብ አያቴን አየኋት። እሷም በታኅሣሥ ከአጥር አጥር እየዞረች ፍሬ በመዳፏ ስታሽ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ሳይንቲስቱ መዝግቦ መያዙ ነው፤ የእሷ መዝገብ ጎረቤቶቿ ነበሩ። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን ለማጥፋት በሚውልበት መንገድ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ትውልድ በትውልድ የመረጡትና የተከሉት ሴቶች በዚያ መዝገብ ላይ ቦታ አልነበራቸውም፤ ይህ አሁንም ያሳዝነኛል።

ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጎሓ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። ሳሙናም እንዲሁ ነው የመጣው፤ በመኪና፣ በካርቶን፣ ከዚያም ኦሞው በትናንሽ ፌስታል። ቶሎ ስለሚያነጻ፣ መውቀጥም ስለማያስፈልገው ሰው ወደደው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። እንዶዱን የጎዳው ግን ከሳሙናው ይልቅ አጥሩ መለወጡ ይመስለኛል። የእንጨትና የቁልቋል አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት ሲተካ ሐረጉ የሚወጣበት አጣ፤ ተቆረጠና ለማገዶ ሄደ። በቆርቆሮ ላይ የተተወው ደግሞ በጸሐይ ግለት ለጋው እየተቃጠለ ቆረቆዘ። እናት ሐረጓ ስትጠፋ ደግሞ የትኛዋ ጥሩ እንደነበረች ማወቁም አብሮ ይጠፋል፤ ከዘር የሚበቅለው ያንኑ አይሆንም።

በጓሮዬ ያለችው ሴቴ ናት፤ አረፋዋም የአያቴ ምርጫ ነው። በየሰኔው ለጠየቀኝ ሁሉ ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ። ለተረካቢው የምነግረው ጥቂት ነው፦ በባላ ወይም በዛፍ ላይ አውጡት እንጂ በቆርቆሮ ላይ አትልቀቁት፤ ቀይ ፍሬውን ልጆች እንዳይቀምሱ ጠብቁ፤ ለእጥበት የሚለቀመው አረንጓዴው ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ሸማኔ ከሞጣ መንገድ መጥታ «ጋሼ፣ ወንዴውስ ከየት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰጠኋቸው ሁሉ ይህን የጠየቀች እሷ ብቻ ናት፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ አጠገቡ ወንዴ የሌለው ሴቴ እንዶድ ፍሬ በወጉ አይዝም። እዚህ የቀረው አንድ ትልቅ ወንዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተጀርባ ነው። አዲሱን ግንብ የሚሠሩት ሰዎች ፍሬ የለውም ብለው ሊቆርጡት ሲሉ ደርሼ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ግንቡን ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስገቡለት።